የሁሉም የሆነው ግዴታ የማን ነው?

ሰው ሲሞት ምን እንደሚደረግ ሁላችንም እናውቃለን። ስልክ ይደወላል፣ ወይም እንደ ድሮው ጥሩምባ ይነፋል። ድንኳኑ ከእድር ቤት ይወጣል፤ ከፈን ይገዛል፤ አጣቢ ይጠራል፤ ጎረምሶች አካፋና ዶማ ይዘው ወደ መቃብሩ ይሄዳሉ። ሟቹ ሀብታምም ይሁን ደሀ፣ ዘመድ ይኑረው አይኑረው፣ ብዙ ሳይቆይ ተሰግዶበት አፈር ይለብሳል። በመርካቶም፣ በኮልፌም፣ በአምቦም ይኸው ነው። «ማን ያድርገው?» ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ነገሩ ሁሉ ከሞቱ በፊት ተዘጋጅቶ የቆየ ነውና።

ሰው ሲታመምስ? አንድ ሰው ብቻ ሳይሆን አንድ ወረዳ ሙሉ ሲታመምስ?

ይህ ጥያቄ ልቤ ውስጥ የገባው ካቺሲ ነው። ካቺሲ በምዕራብ ሸዋ የጊንደበረት ወረዳ ከተማ ናት። ከጊንጪ ተገንጥሎ ጀልዱን አቋርጦ በሚሄደው መንገድ ይደረሳል። ከተማዋ ደጋው ላይ ተቀምጣለች፤ ከዚያ ወደ ሰሜን መሬቱ ቁልቁል እየወረደ አባይ ሸለቆ ይገባል። ደገኛው ለእርሻና ለንግድ ወደ ቆላው ይወርዳል፤ ሲመለስ አንዳንዴ ወባን ይዞ ይመለሳል። አንድ አጎቴ እዚያ ጨርቅ ይነግድ ነበር። ዩኒቨርሲቲ በጨረስኩ ማግስት፣ ጥቅምት 2008 ዓ.ም. ላይ ልጠይቀው ሄጄ፣ ለገበያ ወደ ቆላው ሲወርድ አብሬው ወረድኩ። መንገድ ላይ ራስ ምታት ስለያዘኝ ወደ አንድ ጤና ኬላ ጎራ አልን።

ሁለት ክፍል ያላት ቆርቆሮ ቤት ናት። ግድግዳው ላይ በማስመሪያ የተሠራ ትልቅ ሰንጠረዥ ተለጥፏል። አግድም የዓመቱ 52 ሳምንታት ተደርድረዋል፤ ሽቅብ የወባ ሕሙማን ቁጥር። በመካከሉ በቀይ እስክሪብቶ የተሳለ ወጣ ገባ የሚል መስመር አለ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ እንዳስረዳችኝ ቀዩ መስመር የተገኘው ካለፉት አምስት ዓመታት ነው። ለእያንዳንዱ ሳምንት በአምስቱ ዓመታት ከተመዘገቡት ቁጥሮች ሁለተኛው ከፍተኛ ይወሰድና ነጥብ ይደረጋል። የዘንድሮው ሳምንት ነጥብ ከቀዩ መስመር በላይ ከወጣ ወረርሽኝ እየመጣ ነው ማለት ነውና፣ ሰው ማለቅ ሳይጀምር ለጤና ጣቢያው ይነገራል፤ መድኃኒትና መመርመሪያ ይላካል።

«ታማሚ የሌለበት ሳምንት ሲሆንስ?» አልኳት።

«እሱንም እጽፋለሁ፤ ዜሮ ብዬ።»

«ዜሮ መጻፍ ምን ይጠቅማል?»

ሳቀች። «ወንድሜ፣ ዜሮው ካልተጻፈ እኮ ቀዩ መስመር የለም!»

ከዚያ ወጥተን ስንሄድ አጎቴ ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ቆየና፣ «ይቺ ልጅ ምንም በሌለበት ሳምንት ለምትሠራው ከአላህ በቀር ማን ያመሰግናታል?» አለ።

ከዚያ ወዲህ በሥራዬ ምክንያት ስለ ጤና የተጻፉ ብዙ ሰነዶች አገላብጫለሁ። «አደጋን የሚቋቋም የጤና ሥርዓት» የሚለው አነጋገር በየስብሰባው ይሰማል። እኔ ግን ይህን በሰማሁ ቁጥር የሚታየኝ ያ ቀይ መስመር ነው። አደጋ ሲመጣ የሚያድነን አደጋ በሌለበት ሳምንት የተሠራው ሥራ ነው። እንግዲህ ነገሩ የገንዘብና የባለሙያ ጉዳይ ብቻ መሆኑ ቀርቶ የሕሊና ጥያቄ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ምንም ባልተፈጠረበት ቀን፣ ለማናውቀውና ገና ላልታመመ ሰው ምን ግዴታ አለብን? ሥራውን ብንተወው ዛሬ የሚሞት የለም፤ የሚከሰንም የለም። ከአምስት ዓመት በኋላ ልጇ የሚሞትባት እናትም ጥፋቱ የማን እንደሆነ አታውቅም።

አገራችን ይህን ትምህርት በውድ ዋጋ ገዝታዋለች። በ1950 ዓ.ም. ክረምት ዝናቡና ሙቀቱ ከልማዱ በዛ፤ ወባም ብዙ ወደማያውቋት ከፍታ ቦታዎች ወጣች። እስከ ታኅሣሥ 1951 ዓ.ም. ድረስ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደታመመና 150 ሺህ ያህል እንደሞተ ይገመታል። ወባን ለማጥፋት የሚሠራ አገር አቀፍ ድርጅት የቆመው ከእልቂቱ በኋላ ነው። ከዚያ አርባ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በኅዳር 1911 ዓ.ም.፣ የኅዳር በሽታ አዲስ አበባን ሲፈጅ በከተማዋ የነበሩት ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ዛሬም በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሰብስበን እናቃጥላለን። ከዚያ ሁሉ እልቂት በልማድ የቀረን ጭሱ ብቻ መሆኑ ይገርመኛል።

ደግ ዓመታት አልነበሩንም ማለት ግን ሐሰት ነው። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በየቀበሌው ሁለት ሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ተመደቡ፤ ቁጥራቸው ከ30 ሺህ አለፈ። አብዛኞቹ አሥረኛ ክፍል ጨርሰው አንድ ዓመት የሠለጠኑ የገጠር ልጆች ናቸው። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና ጤና ጥናት በሕይወት ከሚወለዱ 1 ሺህ ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ በ2008ቱ ጥናት ይህ ቁጥር ወደ 67 ወርዷል። አጎበር ታደለ፣ ቤት ተረጨ፤ በ2011 ዓ.ም. አካባቢ በዓመት የሚመዘገበው የወባ ሕመም ከአንድ ሚሊዮን በታች ሆነ።

ከዚያስ? የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው ከታኅሣሥ 22 ቀን 2016 እስከ ጥቅምት 10 ቀን 2017 ዓ.ም. ብቻ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሰው በወባ ታመመ፤ 1,157 ሰዎች ሞቱ። ከሕሙማኑ 44 ከመቶው ከኦሮሚያ ነበሩ።

ምን ነካን? መልሱ አንድ አይደለም። በከተማ የውሃ ማጠራቀሚያዎች የምትራባ ከእስያ የመጣች አዲስ የወባ ትንኝ በ2016 እ.ኤ.አ. በሶማሌ ክልል ተገኝታ ወደ ሌሎች ቦታዎች ተስፋፋች። መድኃኒትና ኬሚካል የሚለማመዱ ተሕዋስያን መጡ። ከሁሉም በላይ ግን ጦርነት አለ። በምዕራብ ኦሮሚያ የተነሳው የትጥቅ ግጭት መንገድ ዘጋ፤ ረጪው ወደ ቀበሌ መግባት፣ ሪፖርቱም ከቀበሌ መውጣት አቃተው። በሰሜኑ ጦርነት የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። ድንበር የለሽ ሐኪሞች በመጋቢት 2013 ዓ.ም. እንደገለጹት በትግራይ ከጎበኟቸው 106 የጤና ተቋማት 70 ከመቶ ያህሉ ተዘርፈው ነበር፤ በመደበኛ ሁኔታ ይሠሩ የነበሩት 13 ከመቶ ብቻ ናቸው። በአማራና በአፋርም ተመሳሳይ ጥፋት ደርሷል። ማይክሮስኮፕ ዘርፎ የሚሄድ ተዋጊ ምን ሊያይበት እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ሌላም ምክንያት አለ፤ ስለ እርሱ ግን ብዙ አይወራም። በሽታው ሲቀንስ ትኩረታችንም አብሮ ቀነሰ። የተሳካ የመከላከል ሥራ ራሱን ይሰውራል፤ ያልታመመ ሰው መጥቶ «አዳናችሁኝ» አይልምና። ገንዘቡም ቢሆን በብዛት የእኛ አልነበረም። የአሜሪካ መንግሥት የወባ ፕሮግራም በኢትዮጵያ ሥራውን ሲጀምር ትኩረቱ ኦሮሚያ ላይ ነበር፤ የተሠራው ሥራም የሚካድ አይደለም። በጥር 2017 ዓ.ም. ግን አንድ ፕሬዚዳንት ዋሽንግተን ላይ ሲፈርም እርዳታው ቆመና፣ ብዙም ሳይቆይ በዚያ ገንዘብ የተቀጠሩ 5 ሺህ ያህል የጤና ሠራተኞች ውላቸው ተቋረጠ። በሰው ምርኩዝ መሄድ ነውር አይደለም፤ ባለቤቱ ምርኩዙን የወሰደ ቀን ግን መውደቅ አለ።

ውድ አንባቢያን፣ ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ዑለማዎች ግዴታን በሁለት ይከፍሉታል። አንደኛው ፈርድ ዐይን ነው፤ እንደ አምስት ወቅት ሰላት ያለ፣ ማንም ለማንም የማይፈጽምለት። ሁለተኛው ፈርድ ኪፋያ ነው፤ የሚበቁ ሰዎች ከፈጸሙት ከሌላው ላይ ይነሳል፣ ማንም ካልፈጸመው ግን ማድረግ እየቻሉ የተዉት ሁሉ ይጠየቁበታል። ስለ ፈርድ ኪፋያ የተማረ ሁሉ የሚያውቀው ምሳሌ ጀናዛ ነው። ኢማም አል-ገዛሊ (ረሒመሁላህ) ግን «ኢሕያእ ዑሉሙዲን» በተባለው ኪታባቸው የዕውቀት ምዕራፍ ላይ ሕክምናንም ከዚያው ይቆጥሩታል። ይህ ብቻ አይደለም፤ በዘመናቸው የነበሩ ተማሪዎች ወደ ፊቅህ ክርክር ሲጋፉ ሙስሊም ሐኪም የሌላቸው ከተሞች ብዙ መሆናቸውን አንስተው ክፉኛ ይወቅሷቸዋል። ክርክሩ ወደ ሹመትና ወደ ወቅፍ ገንዘብ ስለሚያደርስ፣ ሕክምናው ግን ስለማያደርስ ነው ይላሉ። ወቀሳው ከተጻፈ ከ900 ዓመት በላይ ሆኖታል።

እንግዲህ ሁለቱ ግዴታዎች፣ ጀናዛና ሕክምና፣ በአንድ ዝርዝር ውስጥ ያሉ ወንድማማቾች ናቸው። ለአንደኛው እድር አቋቁመንለታል፤ ሊቀመንበር፣ ገንዘብ ያዥ፣ ወርኃዊ መዋጮ፣ ለቀረ ሰው መቀጫ አለው። ሁለተኛውን ግን «ሌላ ሰው ያደርገዋል» ብለን ትተነዋል። ልዩነቱ ከየት መጣ? ሬሳ ቤት ውስጥ አይውልም፤ ዛሬውኑ ካልተቀበረ ያስገድዳል። ያልተጻፈ ዜሮ ግን አይሸትም።

በዚህ ጉዳይ ላይ ከአጎቴ ጋር አንድ ጊዜ ተከራክረናል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ተጀምሮ ቀስ በቀስ በመላ አገሪቱ የተስፋፋ ነው። አባወራው በዓመት አንድ ጊዜ ይከፍልና ቤተሰቡ ዓመቱን ይታከማል። አጎቴም አንድ ዓመት ከፈለና በሁለተኛው አላድስም አለ።

«አልታመምኩም እኮ! ገንዘቤን ለምን አቃጥላለሁ?»

«አጎቴ፣ ለእድር ስንት ዓመት ከፈሉ?»

«ሃያ ሁለት ዓመት።»

«ታዲያ አንድ ጊዜ እንኳን ሞተው ያውቃሉ?»

«አንተ ባለጌ!» ብሎ ሳቀ። ግን አላደሰም። ከፍዬ አልሞትኩም ብሎ ከእድር የወጣ ሰው ሰምተን አናውቅም፤ ከፍዬ አልታመምኩም ብሎ ከመድን የሚወጣው ግን ብዙ ነው።

ኮሮና አገራችን መግባቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ የተሠራው ሥራ የሚያኮራ ነበር። በመጀመሪያ የተጠርጣሪዎች ናሙና ወደ ደቡብ አፍሪካ ይላክ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ በአገር ውስጥ መመርመር ተቻለ። የሚሊኒየም አዳራሽ የሕክምና ማዕከል ሆነ። ይህ ሁሉ በችግር ጊዜ ምን ማድረግ እንደምንችል ያሳያል። አጎቴ ግን የታመመው በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. ነበር። ሳንባው ደክሞ ከካቺሲ ሲያመጡት በደረሰበት ሆስፒታል ኦክስጅን አልነበረም። ነርሷ «ሲሊንደሩ ሊሞላ ሄዷል» አለችን። እስከ ንጋት ጠበቅነው። የሆስፒታሉን ስም አልጠራም፤ ያቺ ነርስም የተቻላትን አድርጋለች፤ ሌሊቱን ሙሉ አልተቀመጠችም።

አጎቴ ሲነጋ ሞተ። የካቺሲ እድርተኞች ስልክ እንደተደወለላቸው ሚኒባስ ተኮናትረው መጡ። አብዛኞቹ ክርስቲያኖች ናቸው። ድንኳን ጭነዋል፣ ገንዘብ ያዡ ደብተሩን ይዟል። ከቀብሩ የጎደለ አንዳች ነገር አልነበረም። እኔ ግን የዚያን ዕለት በድንኳኑ ውስጥ ተቀምጬ ስለ ሲሊንደሩ አስብ ነበር።

ይህን ለአንድ ሐኪም ወዳጄ ባወራለት ተቆጣኝ። «እናንተ ጋዜጠኞች ይቀላችኋል። በሬ ላይ ዛሬ የሚያቃስት ሰው እያለ ላልመጣ በሽታ ዕቃ አከማች ትለኛለህ? የትኛውን ገንዘብ?» አለ። ጥያቄው ከባድ ነው፤ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። የዛሬውን በሽተኛ ለነገው አሳልፎ መስጠት ግፍ ነው።

ሆኖም የነቢዩ ዩሱፍን (ዐ.ሰ) ታሪክ እናስታውስ። በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት ሕዝቡ አይብላ አላሉም። የሚበላው ተበልቶ የቀረው በዛላው እንዲቀመጥ ነው የመከሩት፤ በዛላው ያለ እህል አይነቅዝምና። ለጤና ሥርዓት ዛላው ምንድን ነው? እንደሚመስለኝ የሠለጠነ ሰው ነው፤ በየሳምንቱ የሚሞላ መዝገብ ነው፤ የሚሠራ ላቦራቶሪና በወቅቱ የሚጠገን ዕቃ ነው። እነዚህ ለነገ ብቻ የሚቀመጡ አይደሉም። ኦክስጅን የሚያመርት ማሽን ወረርሽኝ እስኪመጣ ሥራ ፈቶ አይቀመጥም፤ በሳንባ ምች የተያዘ ሕፃን ዛሬም ይተነፍስበታል። ስለዚህ በዛሬውና በነገው በሽተኛ መካከል ያለው ጠብ ወዳጄ የሚለውን ያህል ሰፊ አይደለም። ጨርሶ የለም ግን አልልም። ተርፎ የሚቀመጥ መድኃኒት ሁልጊዜ ወጪ አለው፤ አንዳንዱም ሳይሠራበት ጊዜው ያልፋል። እዚህ ላይ ፍርዳችን የተዛባ ይመስለኛል። ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት በመጋዘኑ የተገኘበት ሠራተኛ ይጠየቃል፤ መድኃኒት አልቆበት ሰው የሞተበት ግን «አልተላከልኝም» ብሎ ያልፋል። የትኛው ነው ትልቁ ጥፋት?

«ሁሉም በቀደር ነው» የሚሉም አልጠፉም። ኸሊፋው ዑመር (ረ.ዐ) ወደ ሻም ሲጓዙ ወረርሽኝ መግባቱን ሰምተው ለመመለስ በወሰኑ ጊዜ አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ) ይህንኑ ጠይቀዋቸዋል። ዑመርም ከአላህ ውሳኔ ወደ አላህ ውሳኔ እንደሚሸሹ ነገሯቸው። በሽታ ወዳለበት አገር መግባትንም ሆነ ከዚያ ሸሽቶ መውጣትን የሚከለክለውን የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ትዕዛዝ ዐብዱረሕማን ኢብን ዐውፍ (ረ.ዐ) መጥተው ሲነግሯቸውም አላህን አመሰገኑ። ከዚህ በላይ የምጨምረው የለም።

አንድ ነገር ግን ልጠንቀቅ። ፈርድ ኪፋያን ማንሳት ለባለሥልጣን መሸሻ መሆን የለበትም። እድር ኬሚካል አይረጭም፤ ጀመዓ ላቦራቶሪ አይሠራም። ግዴታው የሚከብደው አቅም ባለው ላይ ነው፤ አቅሙም ግብሩም በመንግሥት እጅ ነው። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች ደሞዛችን ቤተሰብ አያኖርም ብለው ሥራ ሲያቆሙ ብዙ ሰው በሽተኛ ጥለው ወጡ ብሎ ወቀሳቸው፤ የታሰሩም ነበሩ። በሽተኛ መጣል ቀላል ነገር አይደለም። ግን በየሳምንቱ ዜሮ የሚጽፉልንን ሰዎች ምንም እንዳልሠሩ ቆጥረን ስንከፍላቸው የኖርነው ማን ነን? እነርሱ የተጠየቁትን ያህል እኛ ተጠይቀናል?

የቀድሞዎቹ ሙስሊሞች ይህን ችግር የፈቱበት አንዱ መንገድ ወቅፍ ነበር። በ1284 እ.ኤ.አ. ሱልጣን ቀላውን በካይሮ ያቆሙት ሆስፒታል ገቢ ያላቸው ንብረቶች ወቅፍ ተደርገውለት ነበር። ሱልጣኑ ቢሞትም፣ ሌላው ቢሾምም፣ ኪራዩ ለበሽተኛው ይገባል። ዛሬም በዚያው ስፍራ የዓይን ሕክምና ተቋም አለ። የእኛ ባለሀብቶች መስጊድ ለመሥራት ያላቸው ሽሚያ የሚያስመሰግን ነው፤ የአንድ ሱቅ ኪራይ ለአንድ ጤና ጣቢያ የኦክስጅን ማሽን መጠገኛ ወቅፍ ያደረገ ሰው ግን እስካሁን አላገኘሁም። ካለ ይንገረኝና በደስታ እጽፋለሁ።

ባለፈው ወር ለዚያች የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ስልክ ደወልኩ። የአጎቴ ልጅ ነው ቁጥሯን ፈልጎ የሰጠኝ። አሁንም እዚያው ናት፤ ሁለት ልጆች ወልዳለች። ስለ ሰንጠረዡ ጠየቅኳት። መንገዱ በተዘጋባቸው ጊዜያት እሷም ከቀበሌው ወጥታ ስለነበር ብዙ ሳምንታት ሳይጻፉ አልፈዋል፤ የድሮው ወረቀትም ዝናብ ገብቶበት ተበላሽቷል። ከተመለሰች በኋላ አዲስ ወረቀት ስትጠብቅ ስላልመጣላት በአሮጌ የቀን መቁጠሪያ ጀርባ ላይ ራሷ አስምራ ጀምራለች።

«ቀዩ መስመርስ?» አልኳት።

«እሱ አምስት ዓመት ይፈልጋል» አለችኝ። «260 ሳምንት ነው፤ ገና 19ኛው ላይ ነኝ።»